የጥቁር አፈር ዝንብ

ከጎንደር በስተምዕራብ በሚወርደው የጥቁር አፈር ቆላ ከብት የሚያሸብረው ዝንብ መልኩና ጠባዩ ተዘርዝሮ፣ ሥዕሉም ታትሞ ለአውሮፓ አንባቢ የቀረበው በ1790 ነው። ጸሐፊው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ነበር። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ዝንብ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። በጣና ዳር የትኞቹ ዝንቦች ከብት እንደሚነክሱ በወጥመድ ተይዘው፣ ተቆጥረውና ተለይተው የታወቁት ደግሞ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው።

ብሩስ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደርሶ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ። ዙፋኑ የዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ቢሆንም ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። እንግዳው በሕክምና ዕውቀቱ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ሞገስ አግኝቶ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ጋር ተላመደ። በሜይ 1770 የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አየ፤ ኖቬምበር 4 ቀን ግሽ ዓባይ ደረሰ። የራስ አል ፊል አገረ ገዥነትም ተሾመ። ቦታው በዛሬው መተማ አቅጣጫ ያለ ቆላ ሲሆን ሹመቱ የስም ያህል ነበር፤ አገሩን የሚያስተዳድርለት ወኪል ነበረው። ለዝንቡ ታሪክ ግን ይህ ሹመት ከግሽ ዓባይ ጉዞው ይልቅ ይጠቅማል፤ ብሩስን ከቆላው ዘላኖችና ከከብቶቻቸው ጣጣ ጋር ያገናኘው እሱ ነውና። በዲሴምበር 1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በዚያው በራስ አል ፊል በኩል ወደ ስናር ወረደ። የ1772ን ክረምት ያሳለፈው በስናር ነው፤ ዝንቡ የሚበረታውም በዝናብ ወራት ነው።

መጽሐፉ በአምስት ቅጽ ኤድንብራ ላይ የታተመው ብሪታንያ ከተመለሰ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የጎንደሩን ኑሮ ሲያወራ ብዙዎቹ አላመኑትም ነበር። የመጨረሻው ቅጽ ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት ሲሆን፣ ከአውራሪስና ከጅብ ጋር ዝንቡም ቦታ ተሰጥቶታል። ብሩስ እንደ አገሬው አጠራር «ዝንብ» ይለዋል፤ «ጸልጸልያ» የሚል ሌላ ስምም ይጨምርለታል። የመጀመሪያው ማንኛውንም ዝንብ የሚመለከት የወል ስም ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን የአንድ ልዩ አውሬ መጠሪያ አድርጎ ወሰደው፤ መዝገበ ቃላት ውስጥም እንደዚያው ገባ።

መግለጫው የታዛቢ ሰው መግለጫ ነው። ዝንቡ ከንብ ጥቂት ይበልጣል፣ ደልደል ያለም ነው። ክንፎቹ ከንብ ክንፍ ይሰፋሉ፤ ሲያርፍ ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ቀለምም ነጠብጣብም የለባቸውም። ራሱ ትልቅ ነው። ከአፉ ሦስት ጠንካራ ሹል ፀጉሮች ይወጣሉ፤ የላይኛው ርዝመቱ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱ ገጥመው በጣት ሲነኩ አይታጠፉም። ገላው ቡናማ ጠጉር ለብሷል።

ብሩስ ከመልኩ ይልቅ ብዙ የጻፈው ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ዝናብ ሲጥል ዝንቡ ጥቁሩን አፈር ይሞላዋል። ከብቱ ድምፁን ሲሰማ ግጦሹን ትቶ ይበረግጋል፤ በድካም፣ በድንጋጤና በረኃብ እስኪወድቅ ይሮጣል። የግመል ገላ ያብጣል፣ እባጩ ይፈነዳል፣ ይመግላል። ዝሆንና አውራሪስ እንኳ ጭቃ ውስጥ እየተንከባለሉ ሲደርቅ ገላቸውን እንዲከልላቸው ያደርጋሉ። እረኞች ያላቸው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ከጥቁሩ አፈር ወጥተው ወደ አትባራ አሸዋ መሸሽ። ዝንቡ አሸዋው ላይ አይከተላቸውም። ብሩስ በዚህ አላበቃም፤ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 7 የተጠቀሰውን ከግብፅ ወንዞች ዳርቻ የሚጠራውን ዝንብ ከዚሁ ዝንብ ጋር አገናኘው። ለጊዜው አንባቢ ነገሩን ያጣፈጠለት ይህ ነበር፤ ቆይቶ ግን ጉዳዩን ያወሳሰበውም ይኸው ነው።

ሁለት ነገሮች ጎድለዋል። ካርል ሊኔየስ በ1758 ያጸናው የሁለት ቃል የላቲን አሰያየም ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ በፊት የታወቀ ቢሆንም እሱ ለዝንቡ እንዲህ ያለ ስም አልሰጠውም። ከዚያ የሚከፋው፣ በኋላ የመጣ ተመራማሪ በአጉሊ መነጽር ይዞ የሚመረምረው በመርፌ የተሰካ ናሙና ለዝርያው ዋቢ ሆኖ አልተቀመጠም። በነፍሳት ሳይንስ ስም የሚቆመው በናሙና ላይ ነው፤ ናሙና የሌለው መግለጫ ለማንም ይሰጣል።

በ1831 የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ወደ ኢትዮጵያ መጣ። እሱ ከብሩስ የተለየ ሰው ነበር፤ ከወሬው ይልቅ ሣጥኑ ይከብዳል። ጎንደር ተቀምጦ፣ ሰሜን ተራሮችን ወጥቶ፣ የጣናን ዓሣዎች ሰብስቦ በ1830ዎቹ አጋማሽ ስም ሰጥቶ ገለጻቸው። የሰበሰባቸው ነፍሳት ግን ፍራንክፈርት በሚገኘው የዘንከንበርግ ሙዚየም ተራቸውን እየጠበቁ ከሦስት ዐሥርት ዓመት በላይ ተቀመጡ። በ1867 ነው ዬኒከ የተባለ የዝንብ አጥኚ በፍራንክፈርትና በዳርምሽታት ሙዚየሞች ያሉትን የባዕድ አገር ዝንቦች ሲመረምር ከሐበሻ ምድር የመጡትንም በአዲስ ዝርያነት የገለጻቸው።

በመካከሉ፣ በ1850፣ ለንደን ላይ ጆን ኦባዳያ ዌስትዉድ በእንስሳት ጥናት ማኅበሩ መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርእሱ ሰፊ ነበር፤ በአፍሪካ ጼጼ፣ ዝንብና ጸልጸልያ የሚባሉትን አጥፊ በራሪዎችና ከግብፅ አራተኛ መቅሠፍት ጋር አላቸው የሚባለውን ዝምድና የሚመለከት ነው። እጁ ላይ የነበሩት ናሙናዎች ፍራንክ ቫርዶን የተባለ መኮንን ከደቡብ አፍሪካ፣ ከሊምፖፖ አካባቢ ያመጣቸውን ያካትታሉ። በዚህ ጽሑፍ ግሎሲና ሞርሲታንስና ግሎሲና ታኪኖይደስ ስማቸውን አገኙ። ሁለቱም በአፍሪካ ከብት ጤና ታሪክ ዋና ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ በምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዞች ሸለቆ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ሰብሞርሲታንስ በተባለው ንዑስ ዝርያው። ሆኖም የሊምፖፖው ናሙናና የአትባራው ወሬ በአንድ ርእስ ሥር መዋላቸው ትልቅ መዘዝ አመጣ። ሁለቱም ከብት ይጨርሳሉ፣ ሁለቱም አፍሪካ ውስጥ ናቸው፣ እንግዲህ ዘመድ ናቸው ተባለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታተሙ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንኳ «ዚምብ» የተባለውን የሐበሻ ዝንብ የጼጼ ዘመድ አድርገው ያስቀምጡት ነበር።

በሰሜን በኩል ግን ትልልቆቹ ሲያከራክሩ አንድ ትንሽ ዝንብ ያለ ጫጫታ መዝገብ ገባ። ጣሊያኖቹ ኦራዚዮ አንቲኖሪና ኦዶአርዶ ቤካሪ በ1870 እና 1871 በቦጎስ፣ በዛሬዋ ኤርትራ፣ ነፍሳት ሰብስበው ወደ ጄኖዋ ሙዚየም ላኩ። ካሚሎ ሮንዳኒ በ1873 ዝንቦቹን ሲገልጽ አንዱን ስቶሞክሲስ ሲቲየንስ አለው። ስቶሞክሲስ የበረት ዝንብ ወገን ነው። ከሩቅ ሲያዩት የቤት ዝንብ ነው፤ ቀረብ ሲሉ ግን ከራሱ በታች ወደፊት የተቀሰረ ጥቁር መውጊያ አለው። ሴቷም ወንዱም ደም ይመጥጣሉ። ይህ ስም ከ130 ዓመት በኋላ ጣና ዳር ተመልሶ ይመጣል።

ዝንቡ ከብት የሚገድለው በንክሻው መርዝ ነው የሚለው አሳብ የወደቀው በ1890ዎቹ ነው። የወደቀውም በሌላ ብሩስ ነው፤ ከመንገደኛው ጋር የስም እንጂ የሥራ ዝምድና በሌለው በወታደር ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ። በ1894 በዙሉላንድ ኡቦምቦ ተመድቦ ሳለ በታመሙ ከብቶች ደም ውስጥ የሚወናጨፍ ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ አገኘ፤ ከታመመ ወደ ጤነኛ የሚያደርሰውም የጼጼ ዝንብ መሆኑን አሳየ። ተውሳኩ በ1899 በስሙ ትሪፓኖሶማ ብሩሴ ተባለ። የኢትዮጵያ አርቢ ገንዲ የሚለው በሽታ የሚመጣው ከዚሁ ወገን በሆኑ ተውሳኮች ነው። ከእነሱ አንዱ ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ በ1905 ካሜሩን ውስጥ በዚማን ተገለጸ፤ በ1909 ደግሞ ፍሪድሪክ ክላይነ ተውሳኩ በጼጼ ገላ ውስጥ አድጎ፣ ተለውጦና ተራብቶ እንጂ እንደገባ እንደማይወጣ አረጋገጠ።

በ1903 የብሪቲሽ ሙዚየሙ ኧርነስት ኦስተን ስለ ጼጼ ዝንቦች ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ሲያወጣ መለያ ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ተቀመጡ። ጼጼ፣ በአማርኛ ቆላ ዝንብ፣ ሲያርፍ ክንፎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሙሉ በሙሉ ይደረባሉ። በክንፉ መካከል ባሉት መስመሮች የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል ይታያል። መውጊያው ከሥሩ ያበጠ ነው። የአንቴናው ጭራ ላይ ያሉት ጭገሮች ደግሞ እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣሉ።

ብሩስ በ1790 የጻፈው መግለጫ በእነዚህ ምልክቶች ሲመዘን ከጼጼ ጋር አይገጥምም። ክንፎቹ ተለያይተው ይቀመጣሉ ብሏል፤ የጼጼ ይደረባሉ። ሦስት ሹል ፀጉሮች ያሉት ረጅም መውጊያ፣ ትልቅ ራስና ጠጉራም ገላ ከፈረስ ዝንቦች፣ በሳይንስ ታባኒድ ከሚባለው ቤተሰብ፣ ይልቁንም መውጊያቸው ከሚረዝመው ከፓንጎኒያ ወገን ጋር ይቀራረባል። ጥርት ያለው ክንፍ ደግሞ ሌሎቹን የዚሁ ቤተሰብ አባላት ያስወጣል፤ የክራይሶፕስ ክንፍ ጥቁር መቀነት አለው፣ የሂማቶፖታ ክንፍ ዥንጉርጉር ነው። ወቅቱና ቦታውም ይመሰክራሉ። ጼጼ ጥላና ቁጥቋጦ ወዳድ ነው፤ ገላጣ ሜዳ አይመቸውም። እንቁላል አይጥልም፤ አንዲት እጭ በሆዱ አሳድጎ ጥላ ያለበት አፈር ላይ ይወልዳል። የፈረስ ዝንብ እጭ ግን የሚያድገው በጭቃና በረጠበ አፈር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ጥቁሩን አፈር መሙላቱ፣ አሸዋ ላይ አለመከተሉም ከእሱ ጠባይ ጋር ይሄዳል። ብሩስ ያየውን በትክክል ጽፎ ነበር ማለት ነው። ስሕተቱ የገባው ከመልኩ ይልቅ ጉዳቱን አንብበው ስም ባወጡለት ሰዎች በኩል ነው። እሱም ቢሆን ኢሳይያስንና አራዊቱን ሁሉ በአንድ ላይ ባያስገባ ኖሮ ነገሩ ቶሎ ይጠራ ነበር።

በኢትዮጵያ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ዋና ሥጋት ጼጼው ራሱ ሆነ። በ1967 በጋምቤላ የእንቅልፍ በሽታ በሰው ላይ ታወቀ። በ1976 ላንግሪጅ የተባለ ብሪታንያዊ ባለሙያ የአገሪቱን የጼጼና የገንዲ ጥናት ሪፖርት አቀረበ። በአገሪቱ አምስት የጼጼ ዝርያዎች ታወቁ፦ ፓሊዲፔስ፣ ሞርሲታንስ ሰብሞርሲታንስ፣ ታኪኖይደስ፣ ፉሲፔስና ሎንጂፔኒስ። ስርጭታቸው በደቡብና በምዕራብ ሸለቆዎች፣ በኦሞ፣ በባሮ፣ በዲዴሳ፣ በታችኛው ዓባይም ነው። በ1997 በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ጼጼን ለማጥፋት ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በ2007 ቃሊቲ ላይ ጼጼ የሚራባበት ማዕከል ተመረቀ። አሠራሩ ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር አምክኖ መልቀቅ ነው። ሴቷ ጼጼ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ስለምትጠቃ ከመካን ወንድ ጋር ከተገናኘች ዘር አይኖራትም።

ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከፍታው 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ጼጼ ያለበት ቆላ ከዚያው ወንዝ በታች ነው። ጼጼ በአንዳንድ ሸለቆዎች ወደ 2,000 ሜትር መጠጋቱ ስለታወቀ በጣና ዳር ከብት ላይ ገንዲ ሲታይ ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ ጼጼው ወንዙን ተከትሎ ወጥቷል ወይስ ሌላ አመላላሽ አለ? በ2004 በአማራ ክልል ጼጼ ያለበትንና የሌለበትን ቦታ እያነጻጸረ የተሠራ ጥናት በሁለቱም ዘንድ በሽታውን አገኘ። በጣና ዙሪያ ግን ዝንቦቹን አንድ በአንድ መለየት ያስፈልግ ነበር።

ይህን ያደረጉት ስንሻው፣ ጌታቸው አበበ፣ ማርክ ዴኬንና ዮኒ ናቸው፤ ውጤታቸው በ2006 ታተመ። የጥናቱ ቦታዎች ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ፎገራና ደምቢያ ነበሩ። ፎገራ በስሙ የሚጠራው የከብት ዝርያ አገር ነው፤ ርብና ጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ደምቢያም እንዲሁ ሰፊ ዋልካ ሜዳ ነው። ብሩስ ስለ ቆላው የጻፈው ጥቁር አፈር በደጋውም ሐይቅ ዳር አለ ማለት ነው።

ሥራው ሁለት ፈርጅ ነበረው። በአንድ በኩል ከ1,500 የሚበልጡ ከብቶች፣ ወደ 800 የሚጠጉ በጎችና ፍየሎች፣ 750 ያህል የጋማ ከብቶች ደማቸው ተመረመረ። ደሙ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ተወስዶ በማሽን ይሽከረከራል፤ ቀይ ሕዋሳቱ ከታች ሲረጉ ተውሳኩ ከእነሱ በላይ ባለው ስስ ነጭ መስመር ላይ ይሰበሰባል፤ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ያ መስመር ነው። የረጋው ቀይ ደም ድርሻ ሲለካ ደግሞ የደም ማነሱ ይታወቃል። ተውሳክ የተገኘው ከሞላ ጎደል በከብት ነበር፤ ከበጎቹ በአንድ፣ ከፍየሎቹም በአንድ ብቻ ታየ፣ ከጋማ ከብቶቹ ግን በአንዱም አልታየም። በከብቶቹ ደም የተገኘው ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ ብቻ ነበር።

በሌላ በኩል 65 ወጥመዶች ተተከሉ፤ 40ው ኤን ጂ ዩ የሚባለው፣ 20ው ባለ ሁለት ሾጣጣ፣ 5ቱ ፒራሚድ ቅርጽ ያላቸው። የእነዚህ ወጥመዶች ጥበብ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ነካሽ ዝንቦች ወደ ሰማያዊ ይሳባሉ፣ ጥቁር ላይ ያርፋሉ፣ ከዚያ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ሲበሩ መረቡ ወደ መያዣው ይመራቸዋል። በጠቅላላው 55,398 ነካሽ ዝንቦች ተያዙ። ከነዚህ 49,353 የበረት ዝንቦች፣ 4,715 የፈረስ ዝንቦች፣ 1,330 ክራይሶፕስ ነበሩ። ጼጼ አንድም አልተገኘም። የተያዘው ብዛት ከፍ ያለው በክረምቱ ማብቂያ ላይ ነበር።

የመለየቱ ሥራ በተለይ በበረት ዝንቦች ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁሉም አመድማ ናቸው፤ ልዩነታቸው በሆዳቸው ጀርባ ባለው ነጠብጣብና ሰንበር፣ በወንዶቹ ዓይኖች መካከል ባለው ክፍተት ነው። በዚህ መንገድ ሰባት የስቶሞክሲስ ዝርያዎች ተለዩ፤ ሊኔየስ በ1758 ስም የሰጠው ካልሲትራንስና ከቦጎስ የተገለጸው ሲቲየንስ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ከታባኒዶቹ አታይሎተስ አግሬስቲስ፣ ክራይሶፕስ ስትሬፕቶባሊያና ሂማቶፖታ ላሴሰንስ ተገኙ፤ ከብት ገላ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ጠፍጣፋው ሂፖቦስካ ቫሪጌታም አብሮ አለ።

ከእነዚህ አታይሎተስ አግሬስቲስ የተለየ ማስረጃ ነበረበት። በ2003 ዴኬንና ባልደረባው ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በመረብ በተሸፈነ በረት ተውሳክ ያለባቸውንና ጤነኞቹን ከብቶች አንድ ላይ አስቀምጠው ይህንኑ ዝንብ ለቀቁባቸው፤ በሽታው ወደ ጤነኞቹ ተላለፈ። አተላለፉ ክላይነ በጼጼ ላይ ካየው ይለያል። ተውሳኩ በዝንቡ ገላ ውስጥ አያድግም፤ የሚጓዘው በመውጊያው ላይ በቀረ ትኩስ ደም ነው፣ ዕድሜውም አጭር ነው። የፈረስ ዝንብ ንክሻ ስለሚያም ከብቱ በጅራቱና በእግሩ ይከላከላል፤ ዝንቡ ሳይጠግብ ይነሣና አጠገቡ ባለው ከብት ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ መንጋው በተጠጋጋ ቁጥር መተላለፉ ይበረታል። ቪቫክስ በደም ውስጥ በብዛት ሲገኝ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ይመቸዋል፤ ጼጼ በሌለበት በደቡብ አሜሪካም በከብት ላይ ጸንቶ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው።

መለየቱ በመከላከሉ ሥራ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። መካን ወንዶችን የመልቀቅ ዘዴ በጼጼ የሚሠራው በዝግታ ስለሚራባ ነው፤ የበረት ዝንብ ግን በበሰበሰ ገለባና እበት ላይ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል። እሱን የሚቀንሰው የበረት ጽዳት ነው፤ ከሽንት ጋር የተደባለቀውን ገለባ አውጥቶ ማድረቅ ወይም መበተን። ውሃ ከተኛበት ዋልካ ለሚወጣው የፈረስ ዝንብ ይህ አይበቃም፤ ለእሱ በክረምቱ መውጫ ከብቱን ውሃ ከተኛበት ሜዳ ማራቅ፣ በጀርባው ላይ የሚፈስ የነፍሳት መድኃኒት መጠቀም ይረዳል። ተውሳኩ ለተገኘበት ከብት ዲሚናዚን ወይም አይሶሜታሚዲየም ይሰጣል። የታመመውም ከመንጋው ተለይቶ ቢታሰር ዝንቡ ያልጨረሰውን ደም የሚጨርስበት ጎረቤት አያገኝም።